በፈረስ ወደ ዌብ ሸለቆ

አንባቢ ሆይ፤ ከመሳቢያዎ ጥግ ወይም ከአሮጌ ካፖርትዎ ኪስ ዐሥር ሳንቲም ቢያገኙ፣ ዛሬ እንኳን ዳቦ ክብሪትም ስለማትገዛ፣ ለአንድ አፍታ ገልበጥ አድርገው ይመልከቷት። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለ፤ ይኽን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በሌላው በኩል ግን ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ እንስሳ አለ። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለሰባት ሰዎች አሳይቼ ስሙን ብጠይቃቸው፣ ሦስቱ ድኩላ፣ ሁለቱ ሚዳቋ፣ አንዱ ደግሞ ፍየል ነው አሉኝ። ሰባተኛው ሒሳብ ሹም ነውና «ሥዕሉን ትተህ ቍጥሩን ተመልከት» ብሎ ሳንቲሙን መለሰልኝ።

እንስሳው የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር፣ በኢትዮጵያም ውስጥ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ካሉት ደጋዎች በቀር የትም አይገኝም። የሳይንስ ሰዎች መርምረው ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይኸውም ከአፍሪካ ትልልቅ የዱር እንስሳት መካከል በመጨረሻ ከታወቁት አንዱ መሆኑ ነው። የደጋው ሰው ግን ያን ሁሉ ዘመን ሲያየው ኖሯልና «ታወቀ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ይኽን እንስሳ ከሳንቲሙ ላይ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ለማየት ፈለግሁ። ስለዚህ በጥር ወር ከዓመት ዕረፍቴ ላይ አምስት ቀን ወስጄ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬን አስከትዬ ወደ ባሌ ተነሣሁ። ጓደኞቻችን ወሬውን ሲሰሙ «ምን ልታመጡ ነው?» አሉን። መቼም አይፈረድባቸውም። በአገራችን ልማድ ሰው ከከተማ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ፣ አለዚያም ለመንግሥት ሥራ ነው። ተራራ ለማየት ብቻ ተራራ መውጣት ለፈረንጅ የተተወ ነገር ሆኗል። እኔና ባልደረባዬ ግን በየቀኑ አይተናቸው ስለማናውቃቸው ወረዳዎች ደብዳቤ የምንጽፍ ሰዎች ነን፤ «በቍጥር እንዲህ በተጻፈው ደብዳቤ በተገለጠው ቦታ» እያልን። ቢያንስ አንዱን ቦታ ዐይተን ብንመጣ ለደብዳቤውም አይከፋም ብለን ተነሣን።

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱ መንገድ በአሰላ፣ ሌላው በሻሸመኔና በኮፈሌ ያልፋል፤ ሁለቱም ዶዶላ ግድም ይገናኛሉ። እኛ የሄድነው በአሰላ በኩል ነው። የአርሲ የስንዴ ማሳ ታጭዶ ስለ ነበር ሜዳው እስከ ዐይን ማረፊያ ድረስ ወርቅ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ይወጣል፤ ብርዱም አብሮ ይወጣል። ዲንሾ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አዲስ አበባ የከፍታ ከተማ ናት እያልን እንኰራለን፤ ዲንሾ ግን ሰባት መቶ ሜትር ያህል ትበልጣታለች።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚሁ፣ ከከተማይቱ ጥግ ካለው ደን ውስጥ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ 2150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከደኑ ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አደርን። ሌሊቱን ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ፤ ያም ሆኖ እግሬ ሊሞቅልኝ አልቻለም። ጧት ግን በሩን ስከፍት የሳንቲሙ ጌታ ከደጃፍ ቆሞ አገኘሁት። አንድ ሳይሆን ስድስት ናቸው፤ ወንዱ በአንገቱ ላይ ፀጕሩ ቆሞ፣ ቀንዱ ተጠማዝዞ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር እየጋጠ ነበር። ዐየኝና ማኘኩን ለጥቂት ጊዜ አቆመ፤ ከዚያ አስፈሪ አለመሆኔን ተረድቶ ሥራውን ቀጠለ። ከወዲያ አንድ ከርከሮ ጕልበቱን አንበርክኮ ሣር ይነጫል። ባልደረባዬ በጋቢው እንደ ተጠቀለለ ወጥቶ «ይኽን ለማየት ገንዘብ ያስከፍላሉ ወይስ እነርሱ ናቸው እኛን የሚያዩን?» አለኝ።

እዚህ ላይ ለመሄድ ላሰበ ተማሪ ጥቂት ምክር ልስጥ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ደረቅ ነውና ይመረጣል፤ ሆኖም ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች። ስለዚህ ካፖርትም ባርኔጣም ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ዳገት አይሩጡ። ከፍታው የለመዱትን አየር ስለሚያሳሳው ራስ ያማል፣ ልብም ይመታል፤ ውሃ አብዝቶ ጠጥቶ ቀስ ማለት መድኀኒቱ ነው። ፈረስና መንገድ መሪ ለብቻ መያዝ ለኪስ ይከብዳል፤ አራት ሆነው ቢሄዱ ግን የመሪው ዋጋ ይከፈላል። ስንቅ ከከተማ ይዞ መውጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ፈረሶቹ ልመለስ፤ የመጣሁት እነርሱን ላወራ ነውና። ባሌና አርሲ የፈረስ አገር ነው። በገበያ ቀን ገበሬው በፈረሱ ሲመጣ፣ ኮርቻው በቀይና በቢጫ ክር አጊጦ፣ ከሩቅ የሠርግ ሰልፍ ይመስላል። ፈረሶቻችንን ያመጡት ሽማግሌ ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። «ኦቦ» ብዬ ሰላምታ ስሰጥ ደስ አላቸው፤ «ልጄ፣ ጋልበህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የጐደለውን ወጣቱ መንገድ መሪያችን ይሞላል። ለባልደረባዬ ዳማውን፣ ለእኔ ጉራቻውን ሰጡን። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቦራ፣ መጋላ እያልን በአማርኛ የፈረስ መልክ የምንጠራባቸው ቃላት ከኦሮምኛ የመጡ ናቸው። መኳንንቱም ስመ ጥር የሆኑት በፈረሳቸው ስም ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ታዲያ የኔ ጉራቻ ስሙ ማን ነው ብዬ ብጠይቅ ሽማግሌው ሣቁና «እርሱ የሚሰማው ፉጨት ነው፤ ስም አያስፈልገውም» አሉኝ። በዚህ አኳኋን እኔ ያለ ፈረስ ስም ቀረሁ።

ከደኑ እንደ ወጣን መንገዱ በኮረብታዎች መካከል ይጠማዘዛል። መጀመሪያ ኮሶና አምጃ፣ ቀጥሎ ከጕልበት የማያልፍ ቍጥቋጦ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ ብቻ ነው። እዚህም እዚያም ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል። ከእግራችን በታች ነጭና ብር የመሰለ፣ ቢቀጥፉት የማይጠወልግ አበባ ተነጥፏል። ምንጮቹን ስንሻገር ፈረሶቹ ራሳቸው ድንጋይ እየመረጡ ይረግጣሉ፤ እኔ ልጓሙን ለመሳብ ስሞክር ሽማግሌው ከኋላ «ተወው! እርሱ መንገዱን ያውቃል፤ አንተ እንግዳ ነህ» ብለው ይጮኹብኛል። በሦስት ሰዓት ያህል ከዌብ ሸለቆ ደረስን። ዌብ ትልቅ ወንዝ አይምሰልዎ፤ እዚያ ላይ በፈረስ የሚሻገሩት ነው። ነገር ግን ይኸው ውሃ ወርዶ ወርዶ ከገናሌ ጋራ ተጨምሮ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል።

ሽማግሌው ድንገት እጃቸውን አነሡና ቆምን። ሃምሳ ርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። ቀይነቱ በሥዕል ከሚታየው ይበልጣል፤ ደረቱና እግሮቹ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቍር ነው። ወደኛ አልተመለከተም፤ ዐይኑ ከመሬት ላይ ነበር።

የሚጠብቀው ፍልፈል ነው። የባሌ ፍልፈል እኛ በጓሮ ከምናውቀው የሚበልጥ፣ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የሌለ እንስሳ ነው። ዐይኖቹ ከራሱ አናት ላይ ናቸው፤ ይኸውም ከጕድጓዱ ብቅ ሲል መጀመሪያ አካባቢውን እንዲያይ ነው። ወጣ ብሎ ሣር በጥርሱ ይነቅላል፣ ወደ ኋላው ይመለሳል፣ ጕድጓዱንም በአፈር ይደፍናል። ቀበሮው ይኽን ልማድ ያውቃል። ቀይ ቀበሮዎች እንደ ቤተሰብ በኅብረት ይኖራሉ፤ ድንበራቸውንም በኅብረት ይጠብቃሉ፤ ዐደን ግን የሚወጡት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በቀን ነው። ይኸኛው በሆዱ ተኝቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ አየር ላይ እንደ ያዘ፣ እኔ በሰዓቴ እንደ ቈጠርሁት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

የባሌ ሰው ይኽን እንስሳ «ጀደላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ባዝራዋ ለመውለድ ስትደርስ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተላት ነው ይላሉ። እኛም በአማርኛ ቀበሮ እንበለው እንጂ ዘሩ ከተኵላ ወገን ነው። የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ ሁሉም ተደምረው ከ500 ያንሳሉ፤ ከነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። አንባቢ ሆይ፤ ይኽን ቍጥር በደንብ ይመልከቱት። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ያሉት ሠራተኞች ከዚህ ሳይበልጡ አይቀሩም።

ፍልፈሉ ብቅ ከማለቱ በፊት ከኮረብታው ጀርባ ሁለት ውሾች እየጮኹ ወረዱ። ቀበሮው ተነሣና ሽቅብ ሮጦ ተሰወረ። ሽማግሌው አለንጋቸውን አንሥተው እየተሳደቡ ወደ ውሾቹ ጋለቡ፤ በሰባ ዓመታቸው እንዲያ ይጋልባሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ከኮረብታው ላይ ዐሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ልጅ እያፏጨ መጣ። ልጁ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ ውሾቹም የርሳቸው የራሳቸው ውሾች ሆነው ተገኙ።

ባልደረባዬ ሕግ ያነበበ ሰው ነውና «በፓርክ ውስጥ ውሻ ማግባት እንዴት ይፈቀዳል?» ብሎ በመሪው አፍ ጠየቀ። ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የመለሱትን ቃል በቃል ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ «አምና ጅብ ሁለት ጥጃ በላብኝ። ውሻ ከሌለኝ ከብት የለኝም። ከብት ከሌለኝ ፈረስ አልገዛም። ፈረስ ከሌለኝ አንተ ዛሬ በምን መጥተህ ቀበሮ ታይ ነበር?»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የቀይ ቀበሮ ጠላት ጥይት ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚሁ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ፣ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉን በጥቂት ወራት ውስጥ ፈጃቸው። ከዚያ በፊትም በኋላም መጥቷል። ስለዚህ የቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቀው በሌሊት መስጠት ጀምረዋል። ሽማግሌው ያን ክፉ ዓመት ያስታውሳሉ። «ቀበሮው ሰው የማይፈራ ሆኖ እየተንገዳገደ ይመጣ ነበር። ላሜም በዚያው በሽታ ሞተችብኝ። አሁን መርፌውን ሲወጉልኝ ለቀበሮው ብለው ነው፤ ግን ይኽ ልጅ ነው የዳነው» ብለው እረኛውን በአገጫቸው አሳዩን።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ግጦሹ ዞረ። በባሌ ጎዳንቱ የሚባል የቈየ ሥርዓት አለ። ከታች ባለው መሬት እህል ሲዘራ ከብቱ ማሳ እንዳይበላ ወደ ላይኛው ደጋ ይነዳል፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ደግሞ ይመለሳል። ከብቱ ከሆራው፣ ይኸውም ማዕድን ካለበት ምንጭ፣ ጠጥቶ ይወርድ ነበር። እንግዲህ በዚህ አኳኋን ሜዳው በየዓመቱ ያርፋል። ዛሬ ግን ከታች ያለው መሬት በእርሻ ተይዟል፤ ብዙ ሰውም ወጥቶ ሳይመለስ እዚያው ጐጆ ሠርቷል። ከብቱ ሜዳውን ሲረግጠውና ሲግጠው ለፍልፈሉ የሚበቃ ሣር አይተርፍም፤ ፍልፈሉ ካነሰ ቀበሮው ይራባል። ባልደረባዬ ይኽን ካስረዳ በኋላ «መንግሥት ከዚህ ተነሡ ቢላችሁስ?» አላቸው።

«የት?» አሉ ሽማግሌው።

ባልደረባዬ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልነበረኝም። ልጁ ውሾቹን በገመድ አስሮ ከጐናችን ቆሞ ይመለከተን ነበር።

ሐሳቤን ከጠየቁኝ ግን እንዲህ እላለሁ። «ሰው ይውጣ፣ አውሬ ይኑር» የሚለውም፣ «ሰው እየተራበ ስለ ቀበሮ ምን ያስወራል» የሚለውም ከጠረጴዛ ሳይነሡ የሚነገር ነው። በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። የአገሩ ሰው ለአራት መቶ ዓመት ያህል በቄሮ ሥርዓት ጠብቆታል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍቶ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደዋል፤ ከብቱንም ያሰማራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ አሮጌው ሥርዓት ቢናጋም፣ ነዋሪዎቹ መልሰው በራሳቸው ማኅበር ይጠብቁት ጀመር፤ ቀይ ቀበሮም በዚያ ይኖራል። ባሌ መንዝ አይደለም፤ ሰፊ ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው፤ እንደ ወረደ ይገልበጥ አልልም። ነገር ግን ጎዳንቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ከነርሱ ጋራ ተቀምጦ መነጋገር፣ ከነርሱ በኋላ ከመጸጸት ይቀላል። አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ጀማሪ ጸሐፊ ወይም የሕግ ተማሪ ይሆኑ ይሆናል። የዌብ ሸለቆን የሚመለከት ወረቀት አንድ ቀን በእጅዎ ያልፍ እንደ ሆነ፣ ያ «የት?» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ከሰዓት በኋላ ፊንጫ ሃበራ ወደሚባለው ፏፏቴ ወረድን። ጥር ስለ ሆነ ውሃው ቀጭን ነበር፤ የክረምቱን ኀይል ከድንጋዩ መገመት ይቻላል። በዚያው ግድም ከፍታው 3469 ሜትር ላይ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች ቈፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል፤ ከ47000 እስከ 31000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ በዚያ ይኖሩ ነበር። ያን ጊዜ የባሌ ራስ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰዎቹ ከበረዶው ጫፍ ጥቍር የመስተዋት ድንጋይ እያመጡ ለስለት ይጠርቡ ነበር፤ ምግባቸውም በብዛት የተጠበሰ ፍልፈል ነበር። ይኽን ለሽማግሌው ብነግራቸው ለረዥም ጊዜ ካሰቡ በኋላ «ቀበሮው ምን ይበላ ነበር ታዲያ?» አሉኝ። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይኽ የተሻለ ይመስለኛል።

ወደ ዲንሾ የተመለስነው በሶምሶማ ነው። በሁለተኛው ቀን መቀመጥ አቅቶኝ ቁሜ ቁርስ መብላቴን ከመንገር በቀር ስለ ጉዳቱ አላወራም።

በአራተኛው ቀን በሮቤ አድርገን ጎባ ሄድንና፣ ወደ ደሎ መና ከሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ይኽ መንገድ የሰነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከፍታው 4000 ሜትር ያህል ሆኖ ለሰዓት የሚዘልቅ ሜዳ ነው። ከመስኮቱ በስተቀኝ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ 4377 ሜትር ነው። እንደ ተራራ ሹል አይደለም፤ ቀላ ያለ፣ ጐባጣ ጀርባ ነው። ስሙም በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቃል። አውቶቡሱ ወደ ጉም ውስጥ አፍንጫውን ደፍቶ መውረድ ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ቢስሚላሂ» ብለው መስኮቱን ዘጉት። መጀመሪያ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት አስታ፣ ቀጥሎ ቀርከሃ፣ ከዚያም ሰማይን የሚከልለው የሐረና ደን መጣ። በዛፎቹ ላይ ረዣዥም ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ከታች ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና በጥላው ሥር ይበቅላል።

ደኑ ውስጥ ባለች ትንሽ መንደር ወርደን ከዚያው ቡና ጠጣን። ጧት በሰነቴ ሳንባችንን የቈረጠው ብርድ እዚህ ስለ ሌለ፣ ባልደረባዬ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ሸሚዙን እስከ ክንዱ እየገለበጠ ሦስት ሲኒ ጨረሰ። የመልሱ መኪና ሲመጣ ደግሞ እንደ ገና ሁሉንም በቅደም ተከተል መልበስ ጀመረ፤ ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ይጠብቀው ነበር።